ወንዙ የሚጾምበት ወራት

አንባቢ ሆይ! ለራት የሚሆን ነገር በእጅህ ከገባ በኋላ፥ ከጓደኛህ በቀር ማንም ሳያይህ መልሰህ ጥለኸው ታውቃለህን? እኔ አንድ ጊዜ ጥያለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ለመመካት እንዳይመስልህ፤ ቶሎ አልጣልሁምና። ዛሬ የማጫውትህ ዘግይቼ ስለ መለስኋት ስለዚያች ዓሣና እርስዋን ስለ ከለከለኝ ሕግ ነው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ኤፕሪል 27 ቀን፥ በእኛ የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እወቅልኝ። እንደምታውቀው በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ነን። ከእነዚህም መካከል ብዙ ዘመን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፥ አገራቸው ፎገራ የሆነ አንድ አዛውንት ወዳጅ አሉኝ። ስማቸው እንዲነሣ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ ብያቸው ልለፍ። ጋሼ ከመንጠቆ የበለጠ የሚወዱት ጨዋታ የለም፤ ለእኔም ትል በመንጠቆ ላይ ማስገባትን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

በዚያ ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሥተን፥ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በረጅሙ ድልድይ ተሻግረን፥ በሜሪላንድ ግዛት ዴንተን ከምትባል ትንሽ ከተማ በታች ከቾፕታንክ ወንዝ ዳር ደረስን። የሄድነው ዋይት ፐርች የሚባለውን፥ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጠውን ዓሣ ለማጥመድ ነበር። እርሱን ማጥመድ በዚያ ወራት አይከለከልም፤ የማጥመጃ ፈቃዳችንም በኪሳችን ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። ጋሼ እንደሆኑ «እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው» ብለው ነገሩን በአጭሩ ይቆርጡታል።

ረፋዱ ላይ ዘንጌ በድንገት እንደ ቀስት ጎበጠ። ያ ቀጭን ክር እንዴት ሳይበጠስ እንደ ቀረ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከብዙ ትግል በኋላ ጋሼ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በመረብ አወጧት። ርዝመቷ ከሁለት ክንድ ጥቂት ያነሰ፥ ጎኗ እንደ ብር የሚያበራ፥ ከስንጥቧ እስከ ጅራቷ ጥቁር መስመሮች የተሰመሩባት፥ ሆዷ የተነፋ ዓሣ ነበረች። ሁለታችንም ወዲያው አወቅናት። የሜሪላንድ ሰዎች ሮክፊሽ ይሏታል፤ በሌላው አሜሪካ ስትራይፕድ ባስ ትባላለች። ዕንቁላሏን ልትጥል ከውቅያኖስ የመጣች እናት ነበረች።

እኔም ግራና ቀኝ አየሁ። በወንዙ ዳር ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፥ ማን ያየናል?» አልሁ። «ለሃያ ሰው ትበቃለች። በማቀዝቀዣ ብናስቀምጣት እስከ ፋሲካ ትቆያለች።»

ጋሼ አልመለሱልኝም። እኔም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ፥ ስለ ጓደኞቻችን፥ ስለ ዓሣው ዋጋ፥ መንግሥት በአንድ ዓሣ እንደማይጎዳ ብዙ ተናገርሁ። እኔ ስናገር ዓሣይቱ በሣሩ ላይ አፏን ትከፍትና ትዘጋ ነበር።

በመጨረሻ ጋሼ «ልጄ፥ ሆዷን አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«እንግዲያው እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ከዚህ ወዲያ የምለው አጣሁ። መንጠቆው ጠልቆ ስለ ነበር ማውጣቱ ጊዜ ፈጀ። ከዚያም ወደ ውሃው ገብቼ ራሷን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሬ፥ ውሃው በስንጥቧ እንዲያልፍ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኋት። ጥቂት ጊዜ በጎኗ ተኛች። ቀጥሎ ጅራቷን አንድ ጊዜ መታችና ከእጄ ወጥታ ወደ ጥልቁ ወረደች። ዋኝታ ሄደች ወይስ ሰጠመች? ውሃው ደፍርሶ ስለ ነበር ለማወቅ አልቻልሁም።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህች ዓሣ ምን ስለ ሆነች በሕግ እንደምትጠበቅ ላስረዳህ።

ሮክፊሽ የምትኖረው በሁለት ዓይነት ውሃ ነው። አካለ መጠን ከደረሰች በኋላ አብዛኛውን ዘመኗን በአትላንቲክ ጠረፍ እስከ ሰሜኑ ግዛቶች ድረስ ስትመላለስ ታሳልፋለች። ጸደይ በገባ ጊዜ ግን ወደ ተወለደችበት አገር ተመልሳ፥ ጨው ወደሌለበት የወንዝ ውሃ ወጥታ ዕንቁላሏን ትጥላለች። በአትላንቲክ ጠረፍ ከሚዘዋወረው የሮክፊሽ ወገን አብዛኛው የሚወለደው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚፈስሱት ወንዞች ነው፤ ቾፕታንክም ከእነርሱ አንዱ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ በአንድ ጸደይ ከሚሊዮን የሚበልጥ ዕንቁላል ትጥላለች። ታዲያ ይህን ያህል ከሆነ እንዴት ያልቃል ትል ይሆናል። ዕንቁላሉ ወደ ታች ወርዶ ጭቃ ከነካ ይበላሻል፤ እስኪፈለፈል ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ጅረቱ እያንሳፈፈ ሊወስደው ይገባል። ውሃው በልክ የቀዘቀዘ፥ ወንዙም በልክ የሞላ መሆን አለበት። ክረምቱ ሞቅ ያለና ዝናቡ ያነሰ በሆነበት ዓመት ከሚሊዮኑ የሚተርፈው ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ሴቲቱም ለእናትነት የምትደርሰው ከ4 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ነው፤ ሰው ካልነካት ግን እስከ 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ይህን የዕድሜዋን ነገር ልብ በልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ዓሣ ለመጠበቅ የወጣው ደንብ የትናንት ልጅ አይደለም። በ1639 የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ጉባኤ ይህን ዓሣና ኮድ የተባለውን ዓሣ ለእርሻ ማዳበሪያ ማድረግን ከለከለ። አስበው፤ ከብዛቱ የተነሣ ሰዎቹ ምግባቸውን ከመሬት ይቀብሩት ነበር። በ1670 ደግሞ የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ከዓሣ ማጥመድ የሚገኘውን ገቢ ለነጻ ትምህርት ቤት ማቋቋሚያ አዋለው። አንተ ተማሪ ከሆንህ፥ በዓሣ ገንዘብ የተማሩ ልጆች እንደ ነበሩ ስታውቅ ደስ የሚልህ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዓሣው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1973 ነጋዴዎች ያጠመዱት ሮክፊሽ ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቶ ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ከዚያ ሩቡ እንኳ አልተገኘም። በ1984 የአሜሪካ ኮንግሬስ ስለዚህ አንድ ዓሣ ብቻ ሕግ አወጣ። የሜሪላንድ ግዛትም ከ1985 መባቻ ጀምሮ ሮክፊሽን ማጥመድ ፈጽሞ ከለከለ፤ ቨርጂኒያም በ1989 ተከተለች። ክልከላው ለሀብታሙም ለድኻውም፥ ለነጋዴውም ለተዝናኙም አንድ ነበር።

በቼሳፒክ ዳር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ኑሯቸውን በመረብ፥ በሸርጣንና በኦይስተር የመሠረቱ፥ ዋተርመን የሚባሉ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ ያ አዋጅ የደመወዝ መቋረጥ ማለት ነበር። አንባቢዬ ደመወዝተኛ ከሆንህ፥ የወር መጨረሻ ደርሶ ገንዘብ ያዡ «ዓሣው እስኪበዛ ታገሥ» ቢልህ ምን እንደሚሰማህ አስበው። ስለዚህ ሕጉን ከማመስገናችን አስቀድሞ የሕጉን ዕዳ የከፈለው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መከልከል ቀላል ነው፤ መረቡን አጣጥፎ ቤቱ የገባው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሆኖም ያ ክልከላ አንድ ትልቅ በጎ ነገር ነበረው፤ መጨረሻው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ይኸውም እንዲህ ነው። ከ1954 ጀምሮ የሜሪላንድ የዓሣ ሊቃውንት በየዓመቱ በበጋ ወደ ተወሰኑ 22 ቦታዎች እየሄዱ፥ 100 ጫማ የሚሆን መረብ በዳር በዳሩ እየጎተቱ፥ በዚያ ዓመት የተወለዱትን ጫጩቶች ይቆጥራሉ። ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ በጠቅላላው 132 ጊዜ ይጎትታሉ። በአንድ ጉተታ በአማካይ ስንት ጫጩት እንደ ተገኘ የሚያሳየው ቁጥር የዓመቱ ምልክት ይሆናል። እንግዲህ የጠረፉ ግዛቶች በጋራ ያቆሙት የዓሣ ኮሚሽን እንዲህ አለ፤ «በ1982 የተወለዱት ሴቶች ቢያንስ አንድ ጊዜ ዕንቁላል እስኪጥሉ ይጠበቁ፤ የሦስት ዓመቱ የጫጩት አማካይ 8 ሲደርስ ማጥመዱ በልክ ይከፈታል።» በ1989 ቁጥሩ ወደ 25 ዘለለ፤ የሦስቱ ዓመት አማካይም ከ8 አለፈ። በ1990 ወንዙ በልክ ተከፈተ፤ በ1995 ዓሣው ማገገሙ ታወጀ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልገንም፤ ጾም እናውቃለንና። በጾም ወተቱና ሥጋው የሚተወው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ጊዜው ስላልሆነ ነው። ጾምም የሚፈታበት ቀን አለው። ልጅ እንኳ ስንት ሳምንት እንደ ቀረ ቆጥሮ ይታገሣል። መፍሰኪያው የማይታወቅ ጾም ግን ረሃብ ይባላል፤ ረሃብን ደግሞ ሕግ አይገዛውም። የ1985ቱ አዋጅ ሊጸና ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ዋተርማኑ እያማረረም ቢሆን የሚጠብቀው ቁጥር ነበረው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን በ2019 ሊቃውንቱ ዓሣው እንደገና ከመጠን በታች መውረዱን አስታወቁ። ኮሚሽኑም እስከ 2029 መልሶ ለማብዛት ዕቅድ ያዘ። ይባስ ብሎ የሜሪላንድ የጫጩት ቆጠራ ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ ከረጅሙ ዘመን አማካይ በታች ሆነ። አማካዩ 11 ያህል ሲሆን በ2023 የተገኘው 1 ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት ሜሪላንድ በ2024 ደንቡን አጠበቀች። በባሕረ ሰላጤው ከኤፕሪል 1 እስከ ሜይ 15 ሮክፊሽን መያዝ ቀርቶ መፈለግም ተከለከለ፤ በሜይ መጀመሪያ ትልልቆቹን ለማጥመድ ይፈቀድ የነበረው ጊዜም ቀረ። ዓሣዎቹ በሚራቡባቸው ወንዞች ውስጥ ክልከላው ከዚህም ይረዝም ነበር። ከሜይ 16 በኋላም ቢሆን ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ፥ ያውም ርዝመቱ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ ብቻ ተፈቀደ። ከዚያ የሚበልጡት እናቶቹ ናቸውና ይመለሳሉ። ውሃው በሚሞቅበት በጁላይ እኩሌታ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ተዘጋ።

«መፈለግም ተከለከለ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ሳነበው ከልክ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ይዞ መልቀቅ ምን ይጎዳል? መልሱን ያገኘሁት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። የኮሚሽኑ ሊቃውንት ተይዘው ከተለቀቁት ከ100 ሮክፊሾች 9ኙ እንደሚሞቱ አድርገው ያሰላሉ። ዘጠኝ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ለጨዋታ ብለው ሚሊዮኖችን ይዘው ሲለቅቁ፥ የሚሞተው ዓሣ በራት ገበታ ላይ ከሚቀርበው የማይተናነስበት ጊዜ አለ። እኔ «ማን ያየናል» እያልሁ ስከራከር ዓሣይቱ በሣር ላይ የቆየችበት ደቂቃ ከዘጠኙ አንዷ አድርጓት እንደ ሆነ አላውቅም። ይህ ነው ከኅሊናዬ የማይወጣው። መልሻታለሁ፤ ግን ካሳ የከፈልሁ ሰው ደስታ አላገኘሁበትም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ብዙ ዋተርመንም ያነሡታል። «ጫጩቱ የጠፋው ክረምቱ ስለ ሞቀና ወንዙ ስላነሰ ከሆነ፥ የእኛ መረብ መታጠፍ ምን ይረባል? ሕግ ውሃ ያቀዘቅዛልን?» ይላሉ። አክለውም ከሌላ አካባቢ መጥቶ ባሕረ ሰላጤውን የሞላው ብሉ ካትፊሽ የሚባለው ዓሣ ጫጩቱን እየዋጠ መሆኑን ይናገራሉ። ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም። በእርግጥም አዋጅ ውሃ አያቀዘቅዝም፤ ዝናብም አያዘንብም። ነገር ግን ከላይ ልብ በልልኝ ያልሁህን የዓሣይቱን ዕድሜ አስታውስ። እርስዋ ሠላሳ ዓመት ልትኖር የተፈጠረችው መልካም ጸደይ በየዓመቱ ስለማይመጣ ነው። አምስት ክፉ ጸደይ ቢያልፍ ስድስተኛው መልካም ይሆን ይሆናል፤ በስድስተኛው ግን እናት በወንዙ ውስጥ መኖር አለባት። ሕጉ ሊያደርግ የሚችለው ይህን ብቻ ነው፤ መልካሙ ዓመት ሲመጣ እናቲቱን ማቆየት። ዝናብ የቀረበት ገበሬ ዘሩን ከጎተራ የማያወጣው ለዚህ አይደለምን? ዝናቡን እርሱ አያመጣውም፤ ዝናቡ በመጣ ጊዜ ግን የሚዘራው ሊኖረው ይገባል።

በዚያ ቅዳሜ ወደ ቤታችን ስንመለስ ጋሼ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ በልጅነታቸው የሚያውቁትን የጉማራን ወንዝ አወጉኝ።

«በክረምት ጉማራ ሲደፈርስ ዓሣው ከጣና እየተግተለተለ ይወጣ ነበር» አሉኝ። «እኛ ልጆቹ በቅርጫት እንዘግን ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ ይነሰንሱታል፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ሆዱን ስንቀድደው ዕንቁላል ብቻ ነው። ያንን ለውሻ እንጥለው ነበር። ያልቃል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።»

ጋሼ ያሉት እውነት መሆኑን በኋላ ካነበብሁት ተረዳሁ። በጣና ሐይቅ ሊቃውንት ላቤዎባርበስ የሚሏቸው፥ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ የዓሣ ወገኖች አሉ። ከእነርሱም በርከት ያሉት በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ከ1986 ጀምሮ በታንኳው ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ተጨመረ። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 ያለውን ሲያስተያዩ የእነዚህ ዓሦች መጠን ወደ አንድ አራተኛ ወርዶ አገኙት፤ ለዚህም ከቆጠሯቸው ምክንያቶች ዋነኛው ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ ነው። አገራችን በ2003፥ በእኛ አቆጣጠር በ1995፥ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥታለች። አዋጅ ግን፥ ቾፕታንክም ይሁን ጉማራ፥ ከወንዙ ዳር ሲደርስ የሚያገኘው አንድ የተራበ ወይም አንድ የጓጓ ሰው ነው። ፖሊስ በየሸንበቆው ሥር ሊቆም አይችልም።

ይህን ለአንተ የምጽፈው፥ ዛሬ ተማሪ ወይም ታናሽ የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆንም፥ ነገ ከነገ ወዲያ የእንዲህ ያለ ደንብ ረቂቅ በጠረጴዛህ ላይ መቅረቡ ስለማይቀር ነው። ስለ ዓሣ ባይሆን ስለ ደን፥ ወይም ስለ ግጦሽ ይሆናል። በዚያ ቀን ሦስት ነገር አስብልኝ። ከመከልከልህ በፊት ቁጠር፤ ሜሪላንዶች ከ1954 ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ባይቆጥሩ ኖሮ የጎደለውን ማንም ባላወቀ ነበር። በከለከልህ ጊዜ የሚፈታበትን ምልክት ጻፍ። ደግሞም መረቡን የሚያጥፈው ሰው በጾሙ ወራት ልጆቹን ምን እንደሚያበላ ሳትጠይቅ ፊርማህን አታኑር።

የሜሪላንድን ቆጠራ ነገር ከጠየቅኸኝ፥ በ2024 በጋ የተቆጠረው ጫጩት በአማካይ 2፥ በ2025 ደግሞ 4 ሆነ። አሁንም ከ11 በጣም ይርቃል፤ መፍሰኪያው ገና ነው። ጋሼና እኔ ዛሬም ለትናንሾቹ ዓሦች እንወጣለን። ነገር ግን በኤፕሪል ወደዚያ ወንዝ መሄድ ትተናል፤ ብንሄድ አይከለከልም፤ ጋሼ ግን «እናቶቹ ይለፉ» አሉ፥ እኔም አልተከራከርሁም። በዚያ ወራት ቅዳሜ ሲነጋ ስልክ ደውለው «ዛሬም እንጾማለን» ይሉኛል፤ እኔም «እንጹም፥ ጋሼ» ብዬ ተመልሼ እተኛለሁ።